ግማሽ ሲሞላ

ጠዋት ከደሴ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ የመስኮት ወንበር ካገኘሁ ደብተሬን አወጣለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ከተቀመጠችው ደሴ ተነስቶ፣ በሐረጎ ተጠማዞ፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ኮምቦልቻ ይወርዳል። ሥራዬ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ መቁጠርና መመዝገብ ነው። ካልኩለስ የሚጠይቀኝ አለቃ የለም። ሌላው ኳስ እንደሚያየው እኔ ሒሳብ እሠራለሁ፣ በቃ።

ባለፈው ጥር የጎረቤታችን ልጅ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። “ጋሼ፣ እስኪ ይችን ይዩልኝ” አለችኝ። በእርሳስ የተጻፈ ነው፦

“ሹል ጫፉ ወደ ታች የሆነ ሾጣጣ ታንከር አለ። ቁመቱ 4 ሜትር፣ የአፉ ራዲየስ 2 ሜትር ነው። በየደቂቃው 1 ሜትር ኩብ ውሃ ይገባበታል። ታንከሩ ግማሽ ሲሞላ ውሃው በምን ፍጥነት ይጨምራል?”

አንብቤ ሳቅሁ። “መልሱን እኮ ራሱ ነግሮሻል። ውሃው በደቂቃ 1 ሜትር ኩብ ይጨምራል። ይሄን የጻፈው ሰውዬ ሒሳብም አማርኛም አያውቅም” አልኳት። ወረቀቷን አጠፈች፣ “እሺ፣ አመሰግናለሁ” ብላ ወጣች።

በማግስቱ ሐረጎ ላይ ጥያቄው መልሶ መጣብኝ። “ውሃው” ሲል “የውሃው ከፍታ” ማለቱ ቢሆንስ? ያኔ ጥያቄው ነፍስ ዘራ። ሾጣጣ ዕቃ ከታች ጠባብ ስለሆነ ውሃው መጀመሪያ ፈጥኖ ይነሳል፤ ወደ አፉ እየሰፋ ሲሄድ ግን ያው 1 ሜትር ኩብ ስለሚንጣለል ከፍታው በዝግታ ይጨምራል። የቅጽበቱን ፍጥነት ለማግኘት የሚገባውን ውሃ በዚያች ቅጽበት ላለው የውሃ ገጽ ስፋት ማካፈል ነው። 2 ሜትር ላይ፣ ማለትም ግማሽ ቁመት ላይ፣ የገጹ ራዲየስ 1 ሜትር ነው፤ ስፋቱ 3.14 ካሬ ሜትር። ስለዚህ ከፍታው በደቂቃ 32 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል።

ጨረስኩ ብዬ ደብተሬን ልዘጋ ስል “ግማሽ” የምትለው ቃል ያዘችኝ። የምኑ ግማሽ? ውሃው ግማሽ ቁመት ላይ ሲደርስ ታንከሩ ከሚይዘው ውስጥ አንድ ስምንተኛው ብቻ ነው የገባው፤ ቁመቱም፣ ወርዱም፣ ጎኑም በግማሽ ያነሰ ነውና። ግማሹ የይዘት ግማሽ ከሆነ ውሃው 3.17 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከፍታው የሚጨምረውም በደቂቃ 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ። የመጀመሪያው “ግማሽ” ሁለት ደቂቃ እንዳለፈ ይደርሳል። ሁለተኛው ከስምንት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። አንድ ጥያቄ፣ ሦስት ንባብ፣ ሦስት መልስ።

ማታ እናቷን በር ላይ አገኘኋቸው። ልጅቷ ጥያቄውን ለእኔ እንዲቀለኝ ብላ አምሽታ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የመለሰችው እሷ ራሷ እንደሆነች ነገሩኝ። “ሒሳብም አማርኛም አያውቅም” ያልኩት “ሰውዬ” ፊት ለፊቴ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሚከነክነኝ ነገር ይሄ ነው፦ መልሴ ቃል በቃል ሲታይ ትክክል ነበር። ታዲያ ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት? ኩዋይንና ዴቪድሰን የተባሉት የ20ኛው ክፍለ ዘመን ፈላስፎች፣ የሌላውን ንግግር ስንተረጉም ተናጋሪው ትርጉም ያለው ነገር እንደተናገረ አድርገን መነሳት አለብን ይላሉ። እነሱ ይሄን የሚሉት ሌላውን መረዳት የሚቻለው እንደዚያ ሲሆን ነው ብለው ነው። እኔ ግን ንቀትም ያለበት ይመስለኛል። ጠያቂዋን ሞኝ የሚያደርገውን ንባብ የመረጥኩት እሱ እኔን ብልህ ስላደረገኝ ነው።

ታዲያ ሁልጊዜ በጎውን እናንብብ? ከደሴ ወደ ወልዲያ ስትሄዱ ውጫሌን ታልፋላችሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ የኢጣሊያን መንግሥት አጋዥ ማድረግ “ይቻላቸዋል” ይል ነበር። ጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ሮም በዚያች አንቀጽ ኢትዮጵያን ጥገኛዬ ናት አለች፤ ምኒልክ እምቢ አሉ፤ ነገሩ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ደረሰ። እዚያ ላይ “እነሱም ክፉ አላሰቡም ይሆናል” ብሎ ማንበብ አገር ማስረከብ ነበር።

ልዩነቱ ያለው ጉልበቱ ማን ዘንድ ነው የሚለው ላይ ይመስለኛል። የሚፈርድ፣ የሚፈትን፣ የሚያስፈርም ወገን በግልጽ የመናገር ዕዳ አለበት፤ ቃሉ ቢጣመም እሱ ይጠየቅ። የሚጠይቅ፣ የሚማር፣ ከሰው ቋንቋ ወደ ራሱ እየመለሰ የሚውተረተር ሰው ግን በጎ ንባብ ይገባዋል። እኔ ተገላቢጦሹን አደረግኩ፤ ለአቅመ ቢሷ የጠነከርኩትን ያህል ለአለቃዬ ግራ የገባው ማስታወሻ በጎ ትርጉም ስፈልግ ነው የምውለው።

ቅዳሜ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። “አብሽር ጋሼ” አለችኝ፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አሳፈረኝ። ዋናውን ወረቀት አሳየችኝ። እንግሊዝኛውም ያው “ግማሽ ሲሞላ” ብቻ ነው የሚለው፤ ትርጉሟ ላይ የቀረ ነገር የለም። ሁለቱንም ግማሾች ሠርቼ አሳየኋት።

“ታዲያ ፈተና ላይ ቢመጣ የቱን ልጻፍ?”

“መጀመሪያ ‘ግማሽ ስል የይዘቱን ነው’ ብለሽ ጻፊ፣ ከዚያ ሥሪ።”

“ፈተናው እኮ ምርጫ ነው ጋሼ። የት ላይ ነው የምጽፈው?”

መልስ አልነበረኝም።