የእንግዳ መምህር ዕዳ

ሰው ከአባቱ ቤት ወጥቶ በሰው ቤት ሲያድር፥ የሚበላው እንጀራና የሚተኛበት አልጋ የሌላ ሰው የድካም ፍሬ መሆኑን ማሰብ ይገባዋል። ይህንንም አስተዋይ እንግዳ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን እንግዳው ለማስተማር የመጣ እንደ ሆነ ነገሩ ይከብዳል፤ እርሱ ራሱን የሚቈጥረው እንደ ተቀባይ ሳይሆን እንደ ሰጪ ነውና። «እኔ ፊደል አስቈጥራለሁ፥ እነርሱም እንጀራ ያቀርባሉ፤ እንግዲህ ተካክለናል» ይላል። ይህ ሒሳብ እውነተኛ ነውን? ለማስተማር በሰው አገር የተቀመጠ፥ ራሱም ገና ትምህርቱን ያልፈጸመ ወጣት፥ በሚያድርበት ቤት ያለበት ዕዳ ምንድር ነው? ደግሞስ በዚያ ቤት የማይገባ ነገር ያየ እንደ ሆነ ይናገር ዘንድ ይቻለዋልን፥ ወይስ የበላው እንጀራ አፉን ሊዘጋው ይገባል? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ነው።

የመጀመሪያውን ምስክር በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ደጃፍ ላይ ቆሞ እናገኘዋለን። በ4ኛው መቶ ዓመት ከጢሮሱ ሰው ከሜሮጵዮስ ጋር ሲጓዙ በቀይ ባሕር ጠረፍ አደጋ የደረሰባቸው ሁለቱ ልጆች፥ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ፥ ወደ አክሱም ንጉሥ ቤት ተወሰዱ። ታሪኩን የጻፈው ሩፊኖስ ነገሩን ከራሱ ከኤዴስዮስ አፍ እንደ ሰማ ይመሰክራል። ኤዴስዮስ የንጉሡ አሳላፊ ሆነ፤ ፍሬምናጦስም መዝገብ ጠባቂ ሆነ። ንጉሡ ሲሞት ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ ድረስ በአስተዳደሩ እንዲረዷት ለመነቻቸው፤ እነርሱም ቆዩላት። ከዚህ በኋላ ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ተመለሰ፤ ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ወርዶ ነገሩን ለቅዱስ አትናቴዎስ አስረዳ፤ ኤጲስ ቆጶስም ሆኖ ወዳሳደገው ቤት ተመለሰ። እኛም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው እርሱን ነው። አንባቢ ሆይ፥ የነገሩን ቅደም ተከተል አስተውል። ይህ ሰው መምህር ከመባሉ አስቀድሞ በዚያ ቤት ለብዙ ዘመን አገልጋይ ነበረ። የቤቱን መዝገብ ጠበቀ፥ የመበለቲቱን ጭንቀት ተካፈለ፥ መሄድ ሲችል ቆየ። ኋላም አርዮሳዊው ንጉሥ ቈስጠንጢዮስ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ እንዲላክለት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ ደብዳቤውንም ቅዱስ አትናቴዎስ ለንጉሡ በጻፈው መከላከያ ውስጥ አስቀምጦልናል። የአክሱም ቤት ግን መምህሩን እንደ ያዘ ቀረ፤ መምህሩም በዚያ ቤት ልጅ ሆኖ ኖሮ ነበርና።

ከመጻሕፍተ ነገሥትም ሁለት ቤቶችን እንመልከት። ነቢዩ ኤልያስ በሲዶና አገር በሰራፕታ በአንዲት ድኻ መበለት ቤት ተቀመጠ። ልጇ በሞተባት ጊዜ ነቢዩን ወቀሰችው፤ እርሱ ግን ለራሱ አልተከራከረም፤ ሕፃኑን ከእቅፏ ተቀብሎ ወደሚያድርበት ሰገነት አወጣው፥ በራሱም አልጋ ላይ አስተኝቶ ጸለየለት። ነቢዩ ኤልሳዕም በሱነም አንዲት ሴት ትንሽ ሰገነት ሠርታ፥ አልጋና ጠረጴዛ፥ ወንበርና መቅረዝ አኑራለት ያድር ነበር። እርሱም ስለዚህ ሁሉ ድካም ምን ይደረግልሽ ብሎ ጠየቃት፤ እርሷ ምንም እንደማያስፈልጋት በመለሰች ጊዜም ነገሩን በዚያ አልተወውም፤ ከአገልጋዩ ከግያዝ ጋር መክሮ ቤቱ የጐደለውን ፈለገ። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም በቆሮንቶስ በአቂላና በጵርስቅላ ቤት ሲቀመጥ አብሯቸው ድንኳን ይሰፋ ነበር። ከእነዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ እንግዳ መምህር የቤቱን ጉድለት የሚያይ ዓይንና የቤቱን ሥራ የሚሠራ እጅ ሊኖረው ይገባል።

በአገራችንም ወጣቶችን ለማስተማር ወደ ሩቅ ስፍራ መላክ የቆየ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት የላይኛው ተማሪ ለታችኛው እያስነገረ ራሱም ይማራል። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ከመፈጸማቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፥ አብዛኛዎቹም በመምህርነት፥ እንዲያገለግሉ ተደረገ። በ1967 ዓ.ም.ም በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ብዙ ሺህ ተማሪዎች ወደ ገጠር ወርደዋል። ዛሬም የመምህራን ኮሌጆች ደቀ መዛሙርት ለልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች ይላካሉ። እነዚህ ሁሉ ምን እንደሚያስተምሩ ይነገራቸዋል፤ በሚያድሩበት ቤት እንዴት እንደሚኖሩ ግን የሚነግራቸው ጥቂት ነው።

እኛም ይህን የምንጽፈው ከበደል ንጹሓን ሆነን አይደለም። በ1984 ዓ.ም. ገና የቅኔ ተማሪ ሳለን፥ ከደጋ ወርደው በመተማ ቆላ የሠፈሩ ምእመናን ለልጆቻቸው ንባብ የሚያስተምር ሰው በመለመናቸው፥ ከሰሊጥ አራሚዎች ጋር አብረን ወረድን። መተማ ለደጋ ልጅ እንደ ባዕድ አገር ነው። ሙቀቱ ያዝላል፥ ንዳዱ ይጥላል፤ በገበያው ከአማርኛ ጋር ዓረብኛ ይሰማል፤ ከጅረቱ ማዶ ያለው ጋላባት የሱዳን ምድር ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ለሞት ያበቃቸውን ቍስል የተቀበሉት በዚሁ ስፍራ ነው፤ ከተማውም እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ይባላል። እኛን የተቀበለን ባለቤት ሰሊጥና ማሽላ የሚያርስ ደግ ሰው ነበር። የተሻለውን የጠፍር አልጋ ለቀቀልን፤ በገበታውም ላይ ከልጆቹ አስቀድሞ ለእኛ ያስቀርብ ነበር። እኛም ሁለቱን ወንዶች ልጆቹንና የጎረቤት ልጆችን በዛፍ ጥላ ሥር ፊደል እናስቈጥር ነበር።

በዚያ ቤት ዕድሜዋ አሥር ዓመት ያህል የሆነ አንዲት ልጅ ነበረች። በጋው ሲበረታ ጅረቱ እየደረቀ ውኃው ከአሸዋ ውስጥ እየተቈፈረ ይቀዳ ነበርና፥ እርሷ ማለዳ ወጥታ ፀሐይ ከበረታ በኋላ ትመለሳለች። የምንጠጣው ውኃ፥ የምንበላው እንጀራ ከእጇ ነበረ። በጉባኤያችን ግን አንድ ቀን አልተቀመጠችም፤ እኛም ለምን ብለን አንድ ቀን አልጠየቅንም። በ1985 ዓ.ም. በጸሎተ ኀሙስ ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር እንዳጠበ ለልጆቹ አስተምረን ወደ ቤት ገባን። ያች ልጅ እንደ ልማዷ ውኃ አሙቃ እግራችንን ልታጥብ ቀረበች፤ እኛም እንደ ልማዳችን እግራችንን ዘረጋን። እያጠበች ሳለች በአጠገቧ በተጣለው ስልቻ ላይ የተጻፈውን አይታ «የኔታ፥ ይህ ምን ይላል?» አለችን። ያን ጊዜ የምንመልሰው ጠፋን። ከዘጠኝ ወር የሚበልጥ ጊዜ ያስተማርነው ሁሉ በዚያች ልጅ ጀርባ ላይ ተጭኖ እንደ ነበረ ተገለጠልን።

ከዚህ በኋላ ያደረግነው ደግሞ ከዝምታችን የከፋ ሆነ። ከበዓለ ትንሣኤ በኋላ በነበረው እሑድ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ተሰብስቦ ሳለ፥ ሴቶች ልጆቻቸውን ከትምህርት የሚከለክሉ አባቶች በእግዚአብሔር ፊት እንደሚጠየቁ በብርቱ ቃል ተናገርን። ስም አልጠራንም፤ ነገር ግን በማን ቤት እንደምናድር የማያውቅ አልነበረም። ባለቤቱ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ማታ ግን ገበታው እንደ ወትሮው ቀረበልን፤ ይህም ከስድብ ይልቅ ወጋን። እናቱ ባልቴቲቱ እስከዚያ ቀን «የኔታ፥ እርስዎ» ይሉን ነበር፤ በዚያች ሌሊት ግን «ልጄ፥ ዓመት ሙሉ ከዚህ መሶብ በላህ፤ ይህን ነገር በዚህ መሶብ ዙሪያ ልትነግረን አቅቶህ ነው በአደባባይ የነገርኸን? ልጅቱ ትማር ብትለንስ ውኃውን ማን ይቅዳ?» አሉን። እርስዎ መባላችን በቀረባት ሌሊት የቤቱ ልጅ ሆንን።

እንግዲህ ከላይ ያነሣነውን ሒሳብ እንመርምር። «እውቀት ሰጠሁ፥ እንጀራ ተቀበልሁ፤ ተካከልን» የሚል ሰው በሁለት ወገን ይሳሳታል። አንደኛ፥ እውቀትን ከመምህራኑ በነጻ የተቀበለ ሰው ዋጋ አውጥቶ ሊሸጠው አይገባም። ጌታችን ለሠራተኛ ምግቡ እንደሚገባው ማስተማሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ ቃል እንግዳው ሳያፍር እንዲበላ ነው እንጂ፥ ዕዳ የለብኝም ብሎ እንዲታበይ አይደለም። ሁለተኛውም ስሕተት ከዚህ ይከፋል፤ ሒሳቡ የሚቈጥረው ባለቤቱን ብቻ ነውና። ባለቤቱ ልጆቹ ተምረውለታል፤ እርሱ ተካክሏል እንበል። እንጀራውን የጋገረችው፥ ውኃውን የቀዳችው ግን ምን ተቀበለች? ምንም። ስለዚህ በቤቱ ትልቁን ዋጋ የከፈለችው በመዝገቡ ውስጥ ያልተጻፈችው ናት። እንግዳ በሰው ቤት ሲያድር በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ባለቤቱ ማን ነው?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «የእኔ መምጣት ሸክሙን የጨመረው በማን ላይ ነው?» ብሎ ነው።

ስለ መናገርም ሁለት አሳብ ይሰማል። አንዳንዶች «የበላህበትን ቤት አትውቀስ፤ የእንግዳ ፈንታ ዝምታ ነው» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «እውነት ከእንጀራ ይበልጣል፤ በየትም ስፍራ ይነገር» ይላሉ። እኛ ሁለቱንም በተራ ፈጽመናቸዋል፤ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ እንደሚቀዱ ያየነው ከዚህ የተነሣ ነው። ዝም የሚለው ከጠብ ይሸሻል፤ በአደባባይ የሚጮኸውም ከሸክም ይሸሻል። የባልቴቲቱ ጥያቄ ትክክል ነበር። ልጅቱ ከውኃ ትረፍ ብሎ የሚፈርድ ሰው ውኃው በማን ትከሻ እንደሚወርድ ሊናገር ይገባዋል፤ ከሁሉም አስቀድሞ የራሱን ትከሻ ሊያቀርብ ይገባዋል። ጌታችንም ወንድምን መውቀስ በመጀመሪያ ለብቻ እንዲሆን ሥርዓት ሠርቶልናል። እንግዲህ እንግዳ መናገር ይችላልን? አዎን፥ ይችላል፤ እንዲያውም ዕዳው ነው። ነገር ግን በቤት ውስጥ፥ በጊዜው፥ ሸክሙንም እየተካፈለ ይናገር።

በማግሥቱ ባለቤቱን ለብቻው ይቅርታ ለመንነው፤ አህያውንም ተቀብለን ማለዳ ማለዳ ውኃውን እኛ መቅዳት ጀመርን። ውኃ መቅዳት በዚያ አገር የወንድ ሥራ አልነበረምና አንዳንዶች ሳቁብን። ልጅቱ ግን በዚያች ሰዓት ከጉባኤው ተቀመጠች። እስከ ሰኔ መጨረሻ ፊደሉን ለይታ ወንጌለ ዮሐንስን ጀመረች፤ ዳዊትን ግን አልደረሰችም። በሐምሌ ወደ መምህራችን ተመለስን፤ በማግሥቱ ዓመት ልጅቱ እንደ ተዳረች ሰማን። ዛሬ የአገሩ የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ 18 ዓመት ወስኗል፤ በዚያን ጊዜ ግን እንዲህ አልነበረም። በገባን በመጀመሪያው ወር ተናግረን ውኃውን ቀድተን ቢሆን ዳዊትን ትደግም ነበር። ይህን ዕዳ ለእርሷ የምንከፍልበት መንገድ የለንም፤ ስለዚህ ለሌሎች እንዲጠቅም እንጽፈዋለን።

«ቤቱ የሌላ ሃይማኖት ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል፤ በመተማ ክርስቲያንና እስላም በጉርብትና የሚኖሩ ናቸውና ጥያቄው የተገባ ነው። የሰራፕታ መበለት ከእስራኤል ወገን አልነበረችም፤ ፍሬምናጦስን ያሳደገው የአክሱም ቤትም በዚያን ጊዜ ገና አልተጠመቀም ነበር። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቤት የሚያድር ወጣት ጾሙንና ሥርዓቱን በመጀመሪያው ቀን በትሕትና ያስታውቅ፤ ቤቱ በየዕለቱ እንዳይቸገር የሚበቃውን ቀላል ምግብ ይናገር፤ የማይበላውንም አይንቀፍ። ሃይማኖቱን መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ ያበሉትን እጆች መናቅ ግን ሌላ ነው።

የመተማ ምድር እንግዳና ባለቤት ቦታ የሚለዋወጡበት ምድር መሆኑን ደግሞ ዘመናችን አሳይቶናል። በ1977 ዓ.ም. በረሃቡ ጊዜ፥ በ2013 ዓ.ም.ም በጦርነቱ ጊዜ፥ ብዙ ኢትዮጵያውያን በምሥራቅ ሱዳን ተጠለሉ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ግን ሱዳናውያን በመተማ በር ወደ እኛ ገቡ። ዛሬ የሚያስተናግድ ነገ ይስተናገዳል፤ ስለዚህ በዚያ ጠረፍ ለእንግዳ የቀረበ ውኃ ሁሉ ብድርም ነው፥ ብድራትም ነው።

እንግዲህ ደቀ መዛሙርትን የምትልኩ መምህራንና ካህናት፥ ለምትልኩት ወጣት መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን ይህንም ምክር ጨምራችሁ ስጡት፤ በገባበት ቤት ማን እንደሚያገለግለው ይይ፥ ስሟን ይጠይቅ፥ ሸክሟን ይካፈል። እንግዳ የምትቀበሉ ምእመናንም፥ ለእንግዳው የምታቀርቡት መልካም ገበታ በአንድ ልጅ ጀርባ ላይ ብቻ እንዳይቆም ተጠንቀቁ፤ እንግዳን መቀበል የቤተ ሰቡ ሁሉ ጽድቅ ነውና። የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበ ጌታ እግራችንን ከመዘርጋታችን አስቀድሞ የሚያጥበንን ሰው እናይ ዘንድ ዓይነ ልቡናችንን ያብራልን፤ አሜን።