መድን የማን ሐቅ ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።



በጅማ ከተማ፣ ከቦሳ አዲስ እስከ ሂርማታ፣ የመኪና መድን ጉዳይ ሲነሳ ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። አንዱ «ጠባቂው አላህ ነው፤ ኢንሹራንስ መግባት በአላህ አለመመካት ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ትራፊክ ሲያስቆመኝ የማሳየው ወረቀት ይኑረኝ እንጂ የቱም ይሁን፤ ብቻ ርካሹን አሳዩኝ» ይላል። የመጀመሪያው ንግግር ከተወኩል የመነጨ ይመስላል። ሁለተኛው ኑሮ ከመክበዱ የመጣ ነው። ነገር ግን ሁለቱም አንድ ሰው ረስተዋል። ይኸውም መኪናም ባጃጅም የሌለው፣ በመንገድ ዳር የሚሄደው እግረኛ ነው።

በመጀመሪያ የተወኩልን ነገር እንመልከት። አንድ ሰው ግመሉን አስሮ በአላህ ይመካ ወይስ ፈትቶ ለቆ ይመካ እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በጠየቃቸው ጊዜ፣ አስሮ እንዲመካ እንዳዘዙት ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ እናውቃለን። እንግዲህ ልብ በሉ! ያ ግመል ሳይታሰር ቀርቶ ቢጠፋ በዋናነት የሚጎዳው ባለቤቱ ነው። መኪና ግን እንዲህ አይደለም። ፍሬኑ እምቢ ያለ አይሱዙ ወይም የተገለበጠ ባጃጅ የሚያጠፋው የባለቤቱን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሌላውን ሰው ሕይወት ነው። ታዲያ ሰው በራሱ ንብረት ላይ «በአላህ ተመክቻለሁ» ቢል በሱና በጌታው መካከል ነው። በሌላው ሰው ደምና አጥንት ላይ ግን እንዲህ የማለት መብት ማን ሰጠው?

በአገራችን የተሽከርካሪ ሦስተኛ ወገን መድን በግዴታ እንዲገባ የታዘዘው ለዚሁ ሲባል ነው። ሕጉ በመጀመሪያ በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ወጣ፤ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተካ። «ሦስተኛ ወገን» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያደናግራል። አንደኛው ወገን መድን የገባው ባለመኪና ነው። ሁለተኛው ወገን መድን ሰጪው ድርጅት ነው። ሦስተኛው ወገን ውሉን ያልፈረመው፣ አረቦን ያልከፈለው፣ ነገር ግን በመኪናው የተጎዳው ሰው ነው። ስለዚህ ይህ ሽፋን የባለመኪናውን መኪና አያሠራም። የሚክሰው የተጎዳውን ሰው ነው፤ ሞት ቢደርስ ቤተሰቡን፣ ንብረት ቢወድም ባለንብረቱን። ለአስቸኳይ ሕክምናም የሚውል ገንዘብ አለው። ገጭቶ የሚያመልጥ ወይም መድን ያልገባ መኪና ለሚጎዳው ሰው ደግሞ በዚሁ አዋጅ የመድን ፈንድ ተቋቁሟል። ቤተሰቡ ተስፋ ቆርጦ ከመቀመጥ ይልቅ የፖሊስ ማስረጃ ይዞ ይህንን መብቱን ይጠይቅ።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በቡና ለቀማ ወቅት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ከአጋሮ፣ ከሊሙና ከጌራ ቡና የጫኑ መኪኖች ቀንና ሌሊት ይመላለሳሉ። ለቀማ ውላ የምትመለስ አንዲት እናት በመንገድ ዳር ተገጨች እንበል። ልጆቿን የምታሳድገው በጉልበቷ ነው። ባለመኪናው መድን ካልገባ የሚሆነው ምንድን ነው? መኪናው ይታሰራል፤ ሾፌሩ ይታሰራል፤ ሽማግሌ ይላካል፤ በመጨረሻም ድሃው ቤተሰብ ባገኘው ጥቂት ብር «ይቅር ብለናል» ብሎ ይፈርማል። ይህ ይቅርታ ነውን? ከረሃብ የተነሳ የተሰጠ ፊርማ እንጂ ይቅርታ አይደለም። የአላህን ሐቅ አላህ ከፈለገ ይምራል፤ የሰው ሐቅ ግን ባለሐቁ ካልማረ በቂያማ ቀን ከመልካም ሥራችን ላይ ተወስዶ የሚከፈል ዕዳ ነው።

ሸሪዓችን ይህንን ጉዳይ ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። በሱረቱ ኒሳእ ቁጥር 92 በስህተት ነፍስ ያጠፋ ሰው ሁለት ግዴታ እንዳለበት ተነግሮናል። አንደኛው ለሟች ቤተሰብ የሚሰጥ የደም ካሳ (ዲያ) ነው። ሁለተኛው ለአላህ የሚፈጸም ከፋራ ነው፤ ይህም ምእመን ባሪያ ነፃ ማውጣት፣ ያላገኘም ሁለት ወር በተከታታይ መጾም ነው። ዲያው መቶ ግመል ስለሆነ አንድ ድሃ ብቻውን ሊሸከመው አይችልም። በመሆኑም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሁዘይል ሴቶች ጉዳይ ካሳው በገዳይዋ ዓቂላ፣ ማለትም በአባት በኩል ባሉ ዘመዶቿ ላይ እንዲሆን መፍረዳቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። የአገራችን የኦሮሞ ሕዝብም ጉማ ብሎ በሚጠራው ሥርዓት የደም ካሳን ጎሣው አዋጥቶ ሲከፍል ኖሯል። እንግዲህ የአንዱን ሸክም ብዙዎች ተካፍለው ይሸከሙት የሚለው ሐሳብ ከፈረንጅ የመጣብን እንግዳ ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ሾፌሮቻችን ሁለት ነገር እንዲያውቁ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ መድን ድርጅቱ ካሳ ስለከፈለ ከፋራው አይነሳም። በጥፋቱ ነፍስ የጠፋበት ሾፌር ዓሊሞችን ጠይቆ ጾሙን ይጹም። ሁለተኛ፣ የግዴታው ሽፋን ጣሪያ አለው። በ2005ቱ አዋጅ ለሞትም ሆነ ለአካል ጉዳት 40 ሺህ ብር፣ ለንብረት ጉዳት 100 ሺህ ብር ነበር፤ ከዚያ ወዲህም መጠኑ ከፍ እንዲል ተደርጓል። ይሁን እንጂ ጉዳቱ ከጣሪያው ካለፈ ቀሪው በባለንብረቱ ላይ ይወድቃል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባለመኪና መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ነውና። ከጣሪያው በላይ ተጨማሪ የኃላፊነት ሽፋን መግዛት የሚቻል በመሆኑ አቅም ያለው ነጋዴ ዋጋውን ይጠይቅ።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ኢንሹራንስ ሐላል ነው ወይስ ሐራም? ዓሊሞች በዚህ ላይ የተነጋገሩት ዛሬ አይደለም። የሻሙ ሊቅ ኢብኑ ዓቢዲን በ19ኛው መቶ ዘመን ስለ መርከብ ጭነት መድን ጽፈዋል። እንደ ሙስጠፋ አዝ-ዘርቃ ያሉ ሊቅ የፈቀዱ ቢሆንም፣ የእስላማዊ ጉባኤ ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ በ1985 እ.ኤ.አ. የሰጠው ውሳኔ፣ በቁርጥ አረቦን የሚሠራው የንግድ መድን ውሉን የሚያፈርስ ከባድ ገረር ስላለበት የተከለከለ መሆኑን፣ በመረዳዳትና በልግስና ላይ የቆመው የትብብር መድን ግን የተፈቀደ መሆኑን ይገልጻል። ገረር ማለት ሻጭና ገዢ ምን እንደሚሰጡና ምን እንደሚቀበሉ የማያውቁት ንግድ ማለት ነው። በዚህ ላይ ገንዘቡ በወለድ ሲሠራበት ሪባ ይጨመርበታል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሕግ ያስገደደውን የሦስተኛ ወገን ሽፋን በተመለከተ፣ የተገደደ ሰው ሌላ መንገድ ካጣ ኃጢአት እንደሌለበት ብዙ ዓሊሞች ተናግረዋል። በፈቃድ በሚገባው ሽፋን ግን ሙስሊሙ አስቀድሞ ተካፉልን ይፈልግ። በተካፉል የሚከፈለው ገንዘብ የልግስና መዋጮ (ተበሩዕ) ነው። ሥራውን የሚያካሂደው ድርጅት የታወቀ የአገልግሎት ክፍያ ይወስዳል፤ ፈንዱ የተዋጪዎቹ ነው፤ በወለድም አይሠራበትም። ከካሳ የተረፈው ለተዋጪዎቹ ሊመለስ ይችላል። ይህ ሥራ በጎረቤታችን ሱዳን በ1979 እ.ኤ.አ. ተጀምሯል። በአገራችንም ብሔራዊ ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. የተካፉልን ሥራ የሚመራ መመሪያ አውጥቷል። ስለዚህ «አማራጭ የለም» ብሎ መቀመጥ ከእንግዲህ ምክንያት አይሆንም። ወደ መድን ድርጅት ስትሄዱ የተካፉል መስኮት እንዳለው፣ የሸሪዓ ቦርድ እንዳለው፣ ገንዘቡም ለብቻው እንደሚቀመጥ ጠይቁ። ጠያቂ ሲበዛ አገልግሎቱ ወደ ጅማና ወደ አጋሮ መምጣቱ አይቀርም።

«ውድ ነው» የሚለውን ስሞታ ደግሞ አንንቀውም። ባጃጅ የቤቱ ጉልላት የሆነለት ወጣት እያንዳንዷን ብር ይቆጥራል። የግዴታው ሽፋን አረቦን በታሪፍ የሚመራ ስለሆነ ክርክሩ በእሱ ላይ ብዙ አያዋጣም። ማነጻጸር የሚገባው በሙሉ ሽፋኑ ነው። ከሁለትና ከሦስት ድርጅት ዋጋ ጠይቁ። የእሳትና የስርቆት ሽፋን ብቻ ለአሮጌ መኪና ይበቃ እንደሆነ መዝኑ። በአደጋ ጊዜ ከካሳው ላይ እናንተ የምትሸከሙት ድርሻ ስንት እንደሆነ እወቁ፤ ድርሻችሁ ከፍ ሲል አረቦኑ ዝቅ ሊል ይችላል። ዓመቱን ያለ አደጋ የጨረሰ ሰው ቅናሽ ይሰጠው እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በሁከት ወይም በሽፍታ የሚደርስ ጉዳት በተጨማሪ ክፍያ እንጂ በተራው ውል ላይሸፈን ይችላልና ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ። አማርኛው ወይም እንግሊዝኛው የሚከብደው ሰው የሚያነብለት ይዞ ይሂድ።

ርካሽነት በውሸት ግን አይፈለግም። በኪራይ የሚሠራን መኪና «የቤት መኪና ነው» ብሎ ማስመዝገብ ሐሰት ነው። በንግድ ሕጋችንም ሆነ ብሎ እውነቱን የደበቀ ሰው ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። የመኪናውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብም ራስን ማታለል ነው። አንድ ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በ500 ሺህ ብር ቢመዘገብና የ200 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስበት፣ የሚከፈለው በግማሹ ተሰልቶ 100 ሺህ ብር ገደማ ነው። በአረቦን ያተረፈው በካሳ ይጠፋል። ከአደጋ በኋላ የቆየ ጭረት ጨምሮ ማስጠገንም፣ በሱረቱ ኒሳእ ቁጥር 29 የተከለከለው የሰውን ገንዘብ ያለ አግባብ መብላት ነው። በተለይ በተካፉል፣ የሚበላው የባልንጀራው መዋጮ ነው።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ ለጅማ ነጋዴዎችና ለባጃጅ ማኅበራት እናቅርብ። የአሽዐሪ ሰዎች ስንቃቸው ሲያልቅ ያላቸውን በአንድ ልብስ ላይ አከማችተው እኩል ይካፈሉ ስለነበር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እነሱ ከኔ ናቸው፣ እኔም ከነሱ ነኝ ብለው እንዳመሰገኗቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። እኛም ለሞት ጊዜ እድር አለን። ማኅበራችን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ አዋጥቶ መኪናው የተሰበረበትን ባልደረባ ቢያቋቁም፣ የድሃ አባሉን የሦስተኛ ወገን አረቦንም ቀርዱል ሐሰን፣ ማለትም ያለ ወለድ ብድር ቢሰጠው ምን ይከለክለዋል? ይህ የግዴታውን መድን አይተካም፤ ነገር ግን «አቅም አጣሁ» ብሎ ያለ መድን መንገድ የሚወጣውን ወንድም ከበደል ያድነዋል። አላህ በሱረቱል ማኢዳ ቁጥር 2 በበጎ ነገርና እሱን በመፍራት እንድንተጋገዝ አዞናልና።

ኢማሞቻችንም በጁሙዓ ኹጥባቸው ይህንን ያንሱ። የመንገድ ላይ ደም ከመስጊድ ውጭ የሚቀር ጉዳይ አይደለም።

አላህ መንገዳችንን ሰላም ያድርግልን፣ ገንዘባችንን ሐላል፣ እጃችንን ከሰው ሐቅ ንጹሕ ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።