ባለ ሦስት አፍ ጉድጓድ

በሐረርጌ አንድ አባት ሲሞት ለሦስት ልጆቹ አንድ ትልቅ የማሽላ ጉድጓድ አወረሰ። ጉድጓዱ ከሦስቱም ቤት ሥር ይደርሳልና እያንዳንዳቸው በየጓሯቸው አፍ ከፈቱለት። ታላቁ በቁና ይሰፍራል፣ መካከለኛው በቅል፣ ታናሹ በእንቅብ። ጠዋት ጠዋት ዘንግ እየሰደዱ ማሽላው የቱ ጋ እንደደረሰ ያያሉ። እህል ግን ባለበት አይረጋም፤ ታናሹ ሲዝቅ ከታላቁ በኩል ያለው ይንሸራተትለታል። ዘንጉ ከትናንት ጠልቆ የወረደበት «ሌሊት ሰረቁኝ» ይላል፤ ያልጎደለበት ደግሞ «የእኔስ አያልቅም» ብሎ አብልጦ ይዝቃል። በመጨረሻ ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደረሱ።

መላ ያመጣችው የታላቁ ሚስት ናት። «እናንተ የምትለኩት አፉን ነው፤ ሆዱን ያየ ማን አለ?» አለች። ከየቤቱ አንድ አንድ ልጅ ተመረጠ። ገመዱንና ኩራዙን ያዋሰው ከማሽላው ድርሻ የሌለው ጎረቤት ነበር። ጉድጓዱን ከፍተው አናፈሱት፤ ኩራዙን አስቀድመው አወረዱ፣ አለመጥፋቱን አይተው ልጆቹ ተከተሉ። አንዷ መብራቱን ያዘች፣ አንዱ ዘንጉን፣ ሌላው በየእርምጃው ገመድ ቋጠረ። ሲወጡ የሦስቱም ቃል አንድ ሆነ፦ መሐል ላይ ግድግዳ የለም፤ እህሉ ካሰባችሁት በግማሽ ያንሳል፤ አንደኛው ጥግ ውሃ ገብቶበት ሻግቷል። ውሸት ነው የሚል አልተገኘም፤ የየቤቱ ልጅ ወርዷልና። ያን ዕለት ማታ፣ በሳምንት ስንት ቁና ቢወጣ እስከ አዲሱ እህል እንደሚያደርስ ያሰላችው ያችው ሴት ናት።

በምዕራብ አፍሪካ ባሕር ያለው ማሽላ ሰርዲኔላ የሚባል ዓሣ ነው፤ ሴኔጋሎች በወሎፍ «ያቦይ» ይሉታል። ሲሞቅ ከሴኔጋልና ከጋምቢያ ተነሥቶ በሞሪታንያ በኩል ወደ ሞሮኮ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። በራሱ ባሕር ላይ ብቻ የሚቆጥር አገር ዓሣው ሲርቅ አለቀ፣ ሲመለስ ተረፈ ይላል።

ኩራዙ «ዶክተር ፍሪድትዮፍ ናንሰን» የምትባል የምርምር መርከብ ናት። ኖርዌይና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ስም መርከብ ያሠማራሉ፤ የአሁኗ ሦስተኛዋ ስትሆን ሥራ የጀመረችው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። የምታውለበልበው የተባበሩት መንግሥታትን ባንዲራ ስለሆነ አገሮቹ ፈቅደውላት ከአንዱ ባሕር ወደ ሌላው ትሻገራለች። ከሆዷ የድምፅ ሞገድ ወደ ታች ትልካለች፤ በዓሣው ውስጥ ያለችው የአየር ከረጢት ድምፁን ትመልሰዋለች። የተመለሰው የየትኛው ዓሣ ድምፅ እንደሆነ ለማወቅ መረብ ይጣላል። ከየአገሩ የመጡ ተመራማሪዎች ተራ ገብተው፣ በሌሊትም ጭምር፣ ዓሣውን አንድ በአንድ በመለኪያው ገበታ ላይ ያጋድሙታል፤ አንዱ ርዝመቱን ይጠራል፣ ሌላው ይጽፋል። የውሃው ሙቀትና ኦክስጅንም አብሮ ይለካል፤ የሻገተው ጥግ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ናሚቢያ በ1990 እ.ኤ.አ. ነፃ ስትወጣ፣ የውጭ መርከቦች ለዓመታት ሲዝቁት የኖሩትን የሄክ ዓሣዋን የቀድሞዋ ናንሰን በዚያው ዓመት ሄዳ ለካችላት። አዲስ መንግሥት ስንት እንዳለው ሳያውቅ ለማንም ፈቃድ ቢሰጥ ምን ሊተርፈው ይችል እንደነበር አስቡት። ለእኔ የእነዚህ ጉዞዎች ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ ባለቤቱ ሊደራደርበት የሚችል፣ ጎረቤቱም የሚያምነው ቁጥር።

ያቦይን ግን መቁጠሩ ብቻ አላዳነውም። ከሚተካው በላይ እየተጠመደ መሆኑ በጥናት ታውቋል፤ ብዙውም ተፈጭቶ የእንስሳትና የዓሣ መኖ ይሆናል። በሴኔጋሏ የባሕር ዳር ከተማ በምቡር ደግሞ ዓሣውን ጠብሳ፣ ጨው ነስንሳ፣ በፀሐይ አድርቃ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት አለች። ከመርከቧ የሚወርደው ቁጥር ሚኒስቴር ቤት ፋይል ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ በወሎፍ ተተርጉሞ፣ ማድረቂያ ቆጧ ድረስ እንዲደርሳት እፈልጋለሁ። በሳምንት ስንት ቅርጫት እንደሚበቃ እሷም ታስላ።