ደህና ሳለ

«ካልተበላሸ አትንካው» የምትል ብልሃት አለችን። ለራዲዮኑም፣ ለቧንቧውም፣ ለትዳሩም እንጠቅሳታለን። መቼም እውነት የላትም አይባልም፤ ስንቱ ደህና ነገር በማያውቅ እጅ ተነካክቶ ቀርቷል። ይሁን እንጂ ይህችን ብልሃት ፈጽሞ የማይቀበል አንድ ዕቃ በብዙ መኪኖች ሞተር ላይ አለ። መካኒኮች የታይሚንግ ቺንጋ ይሉታል።

ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ሞተር ውስጥ ፒስቶኖች ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳሉ። ከበላያቸው ደግሞ አየር የሚያስገቡና ጭስ የሚያስወጡ ቫልቮች ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ከታች ያለው ክራንክሻፍት ሁለት ጊዜ ሲዞር ከላይ ያለው ካምሻፍት አንድ ጊዜ ብቻ መዞር አለበት። ይህን ስምምነት የሚጠብቀው ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ነው። እሱ ከተበጠሰ ካምሻፍቱ ይቆማል፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ፒስቶኑ ተከፍተው የቀሩትን ቫልቮች መጥቶ ይገጫቸዋል። ሞተሩ ያኔውኑ ጸጥ ይላል፤ መሪው ይደነድናል፣ ፍሬኑም ይከብዳል።

በሌሎች ሞተሮች ይህንኑ ሥራ የሚሠራው ሰንሰለት ነው። ሰንሰለት ሲያረጅ ይንጫጫል፤ ባለቤቱን ቀድሞ ያስጠነቅቃል። ጎማው ግን ዝም ብሎ ያገለግልና ዝም ብሎ ይበጠሳል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ዕድሜ ቆርጠውለታል፤ ለብዙዎቹ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በርከት ባሉ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ጊዜው ሲደርስ «ቲ-ቤልት» የምትል መብራት በሾፌሩ ፊት ትበራለች። ይህች መብራት ታዲያ ቺንጋውን አታየውም፤ የምትቆጥረው ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ቺንጋውን ሳይነኩ መብራቷን ማጥፋት ይቻላል። የእኔም ጥያቄ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ማንም የማያየውን፣ ገና ያልተበላሸውን ነገር በገንዘባችንና በጉልበታችን የመለወጥ ግዴታ አለብን ወይ?

አንድ ወዳጄ መሐል ሜዳ ላይ ሚኒባስ ያሠራል። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ከፍታ በላይ የተቀመጠች የመንዝ ከተማ ናት። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ መኪና በሞላሌና በጣርማበር በኩል ዳገትና ቁልቁለቱን ሲጨርስ ነው ደብረ ብርሃን የሚገባ። ወዳጄ ቺንጋውን ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ አስመጥቶ ግቢው ውስጥ ሊቀይር ሲነሣ አብሬው ነበርኩ። አሮጌ ባና መሬት ላይ አንጥፎ ከሥሩ ገባ። ባትሪውን ነቀለ፣ የውጭዎቹን ቺንጋዎች አወለቀ፣ ክዳኑን ፈታ። የካምሻፍቱን፣ የናፍጣ ፖምፓውንና የክራንክሻፍቱን ምልክቶች አገጣጥሞ በነጭ ቀለም ነካ ነካ አደረጋቸው።

ጎረቤቱ አንድ አዛውንት ብቅ ብለው የተዘረገፈውን ብረት አዩና «ምነው ልጄ፣ ደህናውን መኪና አረድከው?» አሉት።

«አባባ፣ በግስ ቢሆን ደህና ሳለ አይደል የሚታረድ?» አላቸው። ሳቁ፤ እኛም ሳቅን።

የወጣው ቺንጋ እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ እጄ ላይ ተቀመጠ። አንድም ጥርስ አልጎደለውም፤ ለእኔ ዓይን ከአዲሱ አይለይም። አዲሱን ከገጠመ በኋላ ሞተሩን በመፍቻ፣ በእጁ፣ ሁለት ዙር አዞረና ምልክቶቹ ተመልሰው መገጣጠማቸውን አየ። ከዚያ ደግሞ እንደገና አዞረ። ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ይህን ሁለተኛ ማዞር ማን ያውቅለታል? ዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ፍሬንና መብራት ያያል እንጂ የሞተር ክዳን አያስፈታም። ጋራዥ የተሠራ ሥራ ቢያንስ ደረሰኝ አለው፤ ቢበላሽ የሚከሰስ ሰው አለ። ግቢ ውስጥ የተሠራ ሥራ ምስክሩ ሠሪው ብቻ ነው።

ዊልያም ክሊፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅና ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1877 ባወጣው ጽሑፍ አንድ የመርከብ ባለቤት ያመጣል። መርከቧ አርጅታለች፤ ሰውየው ይጠራጠራል። በኋላ ግን «ስንት ጉዞ በሰላም ተመልሳለች፤ አሁንም ትመለሳለች» እያለ ልቡን ያሳምናል። ከልቡ አምኖ ስደተኞችን ጭኖ ይልካታል። ትሰጥማለች። ክሊፎርድ ሰውየው በሟቾቹ ጥፋተኛ ነው ይላል። ከዚያ የሚከተለው ነው የሚገርመው፤ መርከቧ በሰላም ብትደርስስ? ያኔም ጥፋተኛ ነው። ልዩነቱ አለመያዙ ብቻ ነው። ጥፋቱ ሳይመረምር የማመን መብት ሳይኖረው ማመኑ ነው።

እኛ ግን ፍርዳችን ተገላቢጦሽ ነው። መኪናው ከገባ ሾፌሩ ጎበዝ፤ ካልገባ «ቀኑ ደርሶ ነው»። የሰው ቀን የፈጣሪ ጉዳይ ነው፤ የቺንጋው ቀን ግን ሠሪው ጽፎ የሰጠን ነው። ሁለቱን ማምታታት እምነት አይደለም።

ይህን ለመማር እንግሊዝ አገር ድረስ መሄድም አያሻም። ከመሐል ሜዳ ብዙ ሳይርቅ ጓሳ አለ። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበትን ያን ሣር የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ የሚፈለግ ነው፤ ሆኖም አንዳንዴ ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። የሚዘጋውም ሣሩ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ደህና ሳለ ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ኅብረተሰቡ በኋላ በአዲስ መልክ ጥበቃውን አቋቁሟል። «ነገር ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት ሥራ ላይ ሲውል እንግዲህ ይህን ይመስላል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ድህነት። የዕለት ገቢውን ለቤቱ የሚያካፍል ሰው በሚሠራ ዕቃ ላይ ገንዘብ አውጣ ሲባል ቢያመነታ አይፈረድበትም። መኪናውን ለአንድ ቀን ማቆምም ራሱ ኪሳራ ነው። ይገባኛል። የራሱን ሞተር ብቻ ለአደጋ የሚያጋልጥ ሰው በንብረቱ ቁማር ቢጫወት ጉዳዩ የራሱ ነው። ሰው የጫነ ግን ቁማሩን የሚጫወተው ባልተጠየቁ ሰዎች ገንዘብ ነው። ያልተቀየረው ቺንጋ ዋጋ አልቀረም፤ ከባለቤቱ ኪስ ወጥቶ ለተሳፋሪው ሳይነገረው ተላልፏል። ተሳፋሪውም ብዙ ጊዜ ከባለመኪናው የባሰ ድሃ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። እነሱ የታይሚንግ ቺንጋ የላቸውም። ከክዳን ሥር ያለው ሥራ ግን አብሮ አይቀርም። በግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ሽቦ አለ፤ ከሲሚንቶው ሥር የተሸፈነ ብረት አለ፤ ሌሊት መብራት ሲጠፋ የክትባት ፍሪጁን ተነሥቶ የሚያይ ጤና ባለሙያ አለ። እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን በሚገባ ሲሠሩ ምንም ነገር አይከሰትም፤ ምንም ስላልተከሰተም ማንም አያመሰግናቸውም። ጅብ ከሄደ የሚጮኸውን ውሻ ግን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ሚኒባስ ስትሳፈሩ ከታሪፉ ክርክር አስቀድማችሁ ሾፌሩን «ወንድም፣ ቺንጋው መቼ ተቀየረ?» በሉት። ይቆጣ ይሆናል፣ ይስቅ ይሆናል። ኪሎ ሜትሩን ሳያመነታ የሚነግራችሁ ካገኛችሁ ግን ሒሳቡን ስትከፍሉ አንድ ምስጋና ጨምሩለት።