የበዛውን ማብዛት

በቤቴ ጥግ ቀንም ሌትም የማይጠፋ አንድ ኮምፒዩተር አለ። ሥራው ፊልምና ሙዚቃ አከማችቶ ለቤተሰቡ ቴሌቪዥንና ስልክ ማደል ነው። በሞላ ቁጥር አንድ አንድ ስጨምርለት ሀርድ ዲስኮቹ አራት ደረሱ፤ ሁለቱ ባለ 1፣ ሁለቱ ባለ 2 ቴራባይት። በቅርቡ ሁሉንም የሚይዝ ባለ 8 ቴራባይት ዲስክ ገዛሁና ማጓጓዝ ጀመርኩ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ አበው። ዲስክ ሲያብር ግን ነገሩ ይገለበጣል። አራቱ ተለያይተው ሳሉ አንዱ ቢበላሽ የሚጠፋው የራሱ ድርሻ ብቻ ነበር፤ አሁን ግን አንዱ ከሄደ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። መቼም መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ባለሙያዎች ሦስት ቅጂ ያዝ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ አድርገው፣ አንዱን ከቤት ውጭ አኑር ይላሉ። ሁለት ዲስኮችን አንዱ ለሌላው መስታወት እንዲሆን ማሰናዳትም ይቻላል። ይሁንና መስታወት ስሕተትንም ይቀዳል፤ በስሕተት ከአንዱ የተሰረዘው ከሌላውም ወዲያው ይሰረዛል።

ይህን እያሰብኩ ፋይሎቹን ስመረምር አንድ ነገር አሳፈረኝ። አንዳንዱ ፊልም በሦስት ዲስኮች ላይ ሦስት ጊዜ ተቀምጦ አገኘሁት። ከካሴት ያስገለበጥኩት የሟች እናቴ ድምፅ ግን በአንዱ፣ ያውም በጣም ባረጀው ዲስክ ላይ ብቻ ነበር። 40 ደቂቃ የሚሞላ ወግ ነው፤ ካሴቱ ዛሬ የለም። ፊልሙ ቢጠፋ በዓለም ዙሪያ እልፍ ቅጂ አለው። የእናቴ ድምፅ ቢጠፋ ከማን እዋሳለሁ?

ታዲያ ይህ የዲስክ ጉዳይ ብቻ ነውን? አይመስለኝም። እኛ ሰዎች ብዙ ያለውን እናበዛለን፤ አንድ ብቻ የሆነውን «አለ» ብለን እንተወዋለን። ሁሉም የሚፈልገው ነገር ውድ ይመስለናል። ቦታ ሲሰፋ ደግሞ ከመምረጥ ያመለጥን ይመስለናል። እርግጥ ሁሉንም መያዝ አርቆ ማሰብ ሊባል ይችላል፤ ዛሬ ከንቱ ያልነውን ነገ ልጆቻችን ይፈልጉት ይሆናል። ሆኖም ሳንለይ ያከማቸነውን ስናወርሳቸው፣ ከሀብቱ ጋር እኛ ያልሠራነውንም ሥራ እናወርሳቸዋለን።

ስለዚህ ፊልሞቹን አቆየሁና በመጀመሪያ ያንን 40 ደቂቃ ገለበጥኩ። አንዱን ቅጂ ለእህቴ ሰጠኋት። አሮጌውን ዲስክ ከማጥፋቴ በፊት አዲሱ ቅጂ ደኅና መሆኑን ላረጋግጥ ብዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዳመጥኩት። ለካ ስጠብቀው የኖርኩ የመሰለኝን ድምፅ፣ ካስገለበጥኩት ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ሰምቼው አላውቅም ነበር።