ሞግዚት በባዕድ አገር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 24 ርብቃ የአባቷን ቤት ትታ ወደ ከነዓን ስትሄድ ሞግዚቷም አብራት እንደ ሄደች ተጽፎአል። በዚያ ቦታ ሞግዚቷ ተባለች እንጂ ስሟ አልተነገረም። ከዚያ በኋላ ርብቃ መንታ እስክትወልድ፥ ልጆቹም አድገው እስኪጣሉ፥ ያዕቆብም ተሰዶ ብዙ ዘመን ቈይቶ እስኪመለስ ድረስ ስለዚህች ሴት አንድ ቃል እንኳ አይገኝም። በምዕራፍ 35 ግን ድንገት ስሟ ይወጣል፤ ዲቦራ ትባላለች። በቤቴል አጠገብ ሞተች፤ ከዛፍ በታች ተቀበረች፤ ዛፉም የልቅሶ ዛፍ ተባለ። የእመቤቲቱ የርብቃ መቃብር በኋላ በያዕቆብ ቃል ይጠቀሳል እንጂ ሞቷና ልቅሶዋ አልተተረከም፤ የሞግዚቲቱ ግን ሞቷም፥ መቃብሯም፥ ልቅሶዋም ተጽፎላታል። ይህ ያለ ምክንያት የተደረገ አይደለም። ሰው ሞግዚት ብሎ ብቻ የጠራትን እግዚአብሔር በስሟ እንደሚያውቃት ያስረዳናል።

በግዕዝ ሞግዚት ሐፃኒት ትባላለች። ሐፀነ ማለት አሳደገ፥ ተንከባከበ ማለት ነው፤ ሕፅን ማለትም እቅፍ ማለት ነው። ሕፅነ አብርሃም ስንል የአብርሃም እቅፍ ማለታችን የታወቀ ነው። እንግዲህ ሐፃኒት የሚለው ስም የምትሰጠው ምን እንደ ሆነ ይነግረናል፤ እቅፏን ነውና። እንጨት የሚፈልጥ ሰው ጉልበቱን ሰጥቶ ዋጋውን ይቀበላል፤ ማታም ዕዳ ሳይኖርበት ወደ ቤቱ ይገባል። ሞግዚት ግን ከጉልበቷ ጋር ሳታስበው ፍቅሯን ትሰጣለች፤ ለፍቅር ደግሞ ደመወዝ አይቈረጥለትም። መከራዋ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንዲት የንስሐ ልጄ ያቀረበችልኝ ጥያቄ ነው። ነገሩ በንስሐ የተነገረ አይደለም፤ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ አጠገብ ቆመን የነገረችኝ ነው፤ ለሌሎች ትምህርት ይሁን ብላም ፈቅዳልኛለች።

ይህች ሴት በወሎ ገጠር የተወለደች ናት። የሁለት ዓመት ወንድ ልጇን ለእናቷ ሰጥታ በሞግዚትነት ልትሠራ ወደ ቤሩት ሄደች። የገባችበት ቤት በረጅም ፎቅ ላይ ነበርና መጀመሪያ ቀን የአሳንሰሩ በር ሲዘጋባት ከመቃብር የገባች መሰላት። የቤቱን እመቤት ማዳም እንድትል ተነገራት፤ የእርሷን ስም ግን ለአፋቸው ስላልተመቸ በሌላ ስም ለወጡት። ፓስፖርቷንም ወሰዱባት። ረቡዕና ዓርብ ሲደርስ ከፊቷ የሚቀርበው ሥጋ ነበርና ዳቦ ብቻ እየበላች ታለቅስ ነበር። ቋንቋውን ያስተማረቻት የምታሳድጋት ሕፃን ናት፤ ነይ ማለትን፥ ስጭኝ ማለትን ከዚያች ሕፃን አፍ እየለቀመች ተማረች። ሕፃኒቱም በፈንታዋ ውሃ ስትፈልግ በአማርኛ ውሃ ማለትን ለመደች፤ እሹሩሩ ካልተባለችም አትተኛም ነበር። እንዲህ ሆና ስድስት ዓመት ኖረች።

ስትመለስ ልጇ ስምንት ዓመት ሞልቶት ነበር። ሲያያት ከአያቱ ነጠላ ሥር ተሸሸገ፤ ሰላም በላት ቢሉት እትዬ ብሎ ጠራት። እርሷም እንዲህ አለችኝ፤ «አባቴ፥ ሌሊት ብንን የምለው የዚያች ልጅ ሳል የተሰማኝ እየመሰለኝ ነው፤ የወለድሁት ግን እትዬ ይለኛል። ለልጄ የተሰጠኝን ፍቅር ለሰው ልጅ ሰጥቼ ጨረስሁትን? ኃጢአት ሆኖብኝ ይሆን?»

እኔም ቶሎ ልመልስላት አልቻልሁም። ስትሄድ ጠበል አጠጥቼ፥ በመስቀል ባርኬ እንደ ሸኘኋት አስታውሳለሁ፤ ልጅሽን ማን ያቅፈዋል ብዬ ግን አልጠየቅኋትም። በላከችው ገንዘብ የእናቷ ቤት ቆርቆሮ ሲለብስ ሄጄ ባርኬያለሁ፤ በዚያም ቀን ስለ ቆርቆሮው እንጂ ስለ እርሷ አልተነጋገርንም።

በሚቀጥለው እሑድ ግን ጠርቼ እንዲህ አልኋት፤ ልጄ ሆይ፥ ፍቅር እንደ ጎተራ እህል አይደለም፤ በሰፈሩት ቍጥር አይጎድልም። የሙሴ እናት የገዛ ልጇን በፈርዖን ልጅ ደመወዝ አጥብታ አሳደገችው፤ ካደገ በኋላም ለቤተ መንግሥት አስረከበችው፤ ለሌላ ሰው ልጅ ተብሎ በተጠራው ሕፃን ላይ የፈሰሰው ፍቅሯ ግን ባክኖ አልቀረም። ዲቦራም የሰው ልጅ አሳድጋ በባዕድ ምድር ብትሞት የተለቀሰላት እውነተኛ ልቅሶ ነው። ያችን ሕፃን መውደድሽ እንግዲህ ኃጢአት አይደለም፤ ሳትወጂ ብታሳድጊያት ኖሮ ነበር የሚያስፈራው። ልጅሽም እትዬ ማለቱ በደል አይደለም፤ እናት የሚለው ስም የሚለመደው በእቅፍ ነውና። በእናትሽም አትቅኚ፤ አደራሽን ጠብቃልሻለች። የባዕዱን ቋንቋ ከሕፃን አፍ በትዕግሥት እንደ ለቀምሽ፥ አሁን ደግሞ የልጅሽን ቋንቋ ከራሱ አፍ ልቀሚ፤ ምን እንደሚወድ፥ ምን እንደሚፈራ ጠይቂው። ጊዜ ይፈጃል፤ ግን አንቺ ይህን ትምህርት ቀድመሽ ተምረሽዋል።

አንባብያን ሆይ፤ ይህ ነገር የአንዲት ሴት ብቻ አይደለም። ከ2006 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን ከሳውዲ ዐረቢያ ተመልሰዋል፤ ከእነርሱም መካከል በሰው ቤት ያገለገሉ ሴቶች ነበሩ። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ በወደቀና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ፥ አሠሪዎቻቸው ወስደው በቤሩት በሚገኘው ቆንስላችን ደጅ የጣሉአቸው እኅቶች በመንገድ ላይ አድረዋል። በዚያ አገር የሠራተኛይቱ መኖሪያ ፈቃድ ካፋላ በሚባለው ሥርዓት ከአንድ አሠሪ ጋር የታሰረ ነበርና፥ ያ ሰው በጣላት ቀን መድረሻ አልነበራትም። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግም የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጎአቸው ነበር። በ2011 በዓለም የሥራ ድርጅት ጉባኤ የጸደቀው 189ኛው ስምምነት ግን የቤት ሠራተኛ ፓስፖርቷን በእጇ የመያዝ፥ በሳምንትም ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት የማረፍ መብት እንዳላት ይናገራል። ይህም አዲስ ነገር አይደለም፤ ሰንበት በተሰጠበት በሲና ሕግ ባሪያም፥ ገረድም፥ መጻተኛም እንዲያርፉ አስቀድሞ ታዞአል።

ስለዚህ የምትሄደውን ልጃችንን እንዲህ ብለን እንምከራት። ስምሽን ቢለውጡብሽ የክርስትና ስምሽን በየማታው ጸሎት ራስሽ ጥሪው። የጾም ነገር ቢያስጨንቅሽ የንስሐ አባትሽን በስልክ ጠይቂ፤ ፍትሐ ነገሥት ለታመመ ሰው ጾምን እንደሚያቀልለት እወቂ፤ በግድ የቀረበልሽን በልተሽ ተስፋ አትቍረጪ። ድካምሽንም አትደብቂ። የዮናታንን ልጅ ሜምፊቦስቴን የያዘችው ሞግዚት በችኮላ ስትሸሽ ሕፃኑ ወድቆ ሽባ ሆኖአል፤ መጽሐፍ ግን ልታድነው መሸሿን እንጂ በደሏን አልጻፈም። በንዕማን ቤት የነበረችውም ምርኮኛ ልጅ በግዞት ሳለች ለጌታዋ መዳንን ተመኘች፤ ይህም ሃይማኖቷን በልቧ ስለ ጠበቀች ነው።

ቤተ ሰቦችም ገንዘቧን ብቻ አትቀበሉ፤ ለልጇ ስለ እናቱ በየቀኑ ንገሩት፤ ድምፅዋንም በስልክ አሰሙት። እኛም ካህናት ስንሸኝ ባርከን ብቻ አንመለስ፤ ወደ ኋላ የቀረውን ሕፃን እንቍጠር።

የመጨረሻው ነገር ለእኔ ከባዱ ነው። በቤሩት ማዳም ላይ ከመፍረዳችን በፊት የራሳችንን ጓዳ እንይ። በከተማ ቤቶቻችን ከገጠር የመጡ ልጆች ልጆቻችንን ያዝላሉ፤ ከማድቤት ይተኛሉ። በእኔም ቤት ልጆቼን አዝላ ያሳደገች አንዲት ልጅ ነበረች። እሑድ እኛ ለቅዳሴ ስንሄድ ወጥ እንድትጠብቅ ከቤት ትተናት እንሄድ ነበር፤ እኔም በመቅደስ ቆሜ ስለ ስደተኞች እጸልይ ነበር። ስሟን በጸሎቴ የጠራሁት ይህች ሴት ከጠየቀችኝ በኋላ ነው።

እመቤታችን ሕፃኗን ይዛ ወደ ግብፅ ስትሰደድ ሰሎሜ አብራት እንደ ተሰደደች ቤተ ክርስቲያናችን በሥዕሏ ታሳያለች፤ ኅዳር 6 ቀን ቁስቋምን ስናከብርም የዚያን ስደት መከራ እናስባለን። ዘንድሮ በዚያ ቀን ሥዕሉን ስንሳለም ሰሎሜንም እንያት፤ ወደ ቤታችንም ስንመለስ ልጃችንን ያዘለችውን ልጅ በስሟ ጠርተን፥ በሚቀጥለው እሑድ አንቺ ሂጂ፥ ወጡን እኛ እንጠብቃለን እንበላት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።