መለያ ወረቀት የሌላት ወፍ

ሦስት ዓይነት መጻሕፍት ሳይ አላስችል ይለኛል፦ ሥዕል የሞላባቸው ትልልቅ ጥራዞች፣ ያልተፈታ የታሪክ እንቆቅልሽ የሚያነሡ መጻሕፍትና የግጥም መድበሎች። ወዳጆቼ «እነዚህን ምን አንድ ላይ አዋላቸው?» ሲሉኝ «ደስ ስለሚሉኝ» እል ነበር። ይህ መልስ አይደለም፤ ቆሎም ደስ ይለኛል። ደስታው ከየት እንደሚመጣ ልመርምር ብዬ የተነሣሁት አንዲት የደቡብ ኢትዮጵያ ወፍ በሥዕል ካየሁ በኋላ ነው።

ገጹ ላይ ያለችው ወፍ አካሏ አረንጓዴ ነው። ጉትያዋ ነጣ ያለ ነው፤ በዓይኗ ዙሪያ ቀይ አለ። ክንፏን ስትዘረጋ ደግሞ ተደብቆ የቆየ ደማቅ ቀይ ብቅ ይላል። ፈረንጆች ወገኗን ቱራኮ ይሉታል፤ እሷን ለይተው የልዑል ሩስፖሊ ቱራኮ ብለዋታል። ከደቡብ ኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አትገኝም። አገሯ በነጌሌ ቦረና፣ በአሬሮና በገናሌ ዙሪያ ያለው ጥድና ዋርካ ነው።

የክንፏ ቀይ ብቻውን አንድ ታሪክ አለው። የቱራኮ ቀይ ወፉ በገዛ አካሉ የሚሠራው፣ መዳብ ያለበት ማቅለሚያ ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ1869 የደረሰበት እንግሊዛዊው ኬሚስት አርተር ቸርች ነው። ይኸው ሰው በኋላ በለንደኑ የሥነ ጥበብ ሮያል አካዳሚ ኬሚስትሪ አስተምሯል፤ ስለ ሠዓሊዎች ቀለምም መጽሐፍ ጽፏል። የወፍ ክንፍና የሠዓሊ ቀለም በአንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ ማለት ነው። ባለ ሥዕል መጽሐፍ የሚወድ ሰው እንዲህ ያለውን ሲያነብ ሻዩ ይቀዘቅዝበታል።

አሁን ወደ እንቆቅልሹ። ኤውጄንዮ ሩስፖሊ የተባለ ጣልያናዊ ልዑል የሶማሌን ምድር አቋርጦ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ዘለቀ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1893 ቡርጂ አካባቢ ዝሆን ገደለው፤ ዕድሜው 27 ነበር። ጓዙ ጣልያን ገባ። በጓዙ ውስጥ ከነበሩት የወፍ ቆዳዎች አንዱን ማንም ሊቅ አያውቀውም ነበር። ቶማዞ ሳልቫዶሪ እ.ኤ.አ. በ1896 በጄኖዋው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም መጽሔት ላይ አዲስ ወፍ ብሎ ጻፈላት፣ በሟቹም ስም ጠራት። ከየት እንደመጣች ግን የሚያውቅ አልነበረም። የያዛት ሰው ቦታውን ሳይጽፍ ሞቷል።

በሙዚየም ሥራ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ወፍ ሲገደል ቆዳው ይገፈፋል፣ ጥጥ ይጠቀጠቅበታል፣ እግሩ ላይ ትንሽ ወረቀት በክር ይታሰራል። ወረቀቷ ላይ ቦታው፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም ይሰፍራል። ብልህ ሰብሳቢ የዓይኑንና የእግሩን ቀለም ይጨምርበታል፤ ላባ ቀለሙን ለረጅም ዘመን ሲይዝ ዓይንና ባዶ ቆዳ ወዲያው ይደበዝዛሉና። ከሞተ ቆዳ የሚሥል ሠዓሊ ዓይኑን የሚቀባው በዚያች ወረቀት ተመርቶ ነው። ስለዚህ ወረቀቷ ስትጠፋ ቦታውም፣ የሥዕሉ ዓይንም አብረው ይጠፋሉ።

በዚህ ላይ አንድ ምጸት አለ። ሌላው ጣልያናዊ ተጓዥ ቪቶርዮ ቦቴጎ የገናሌን ወንዝ ለጃኮሞ ዶርያ ክብር «ገናሌ ዶርያ» ብሎት ነበር፤ ዶርያ ያንን የጄኖዋ ሙዚየም ያቋቋመ ሰው ነው። የሙዚየሙ ሰው ስም ወንዙ ላይ ተለጥፎ ቀረ፤ የወንዙ አገር ወፍ ደግሞ ያለ አገር ስም በሙዚየሙ መጽሔት ላይ ሰፈረች። (ስም መለጠፍ ብቻም አይደለም። ከአርባ ዓመት በኋላ የጣልያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ ነጌሌን ሲይዝ የከተማዋን ስም ወስዶ «የነጌሌ ማርኬዝ» ተሰኝቷል።)

ወፏ ለሊቃውንቱ ዳግመኛ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ በአሬሮ ደን ነው። ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ «የት ይሆን የምትኖረው?» ስትባል ቆየች።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ተደሰትኩ፤ ቆይቼ ደስታዬን ጠረጠርኩት። እንቆቅልሽ ነው የተባለው ለማን ነው? እንበልና በዚያ ሃምሳ ዓመት ውስጥ አንድ የጄኖዋ ሰው ያንን ቆዳ ይዞ አሬሮ ደን ዳር ቢደርስና ዋርካ ጥላ ሥር ለተቀመጠ እረኛ ቢያሳየው ኖሮ? ወፏ ድንቢጥ አይደለችም። ድምፅዋ ጫካውን ያናውጣል፣ ስትበር ክንፏ ይቀላል፣ ፍሬ የምትለቅመው ከብት ከሚያርፍበት ዛፍ ላይ ነው። እረኛው እጁን ዘርግቶ «ያቻት!» የሚል ይመስለኛል። የሃምሳ ዓመቱ እንቆቅልሽ ቀትር ሳይሆን ባለቀ ነበር።

ለእረኛው ብቻ ማድላት ግን ሌላ ስሕተት ነው። እረኛው ወፏ የት እንዳለች ያውቃል፤ ከዚያ ውጭ በዓለም ላይ የትም እንደሌለች ግን ሊያውቅ አይችልም። «እዚህ አለች» ለማለት አንድ ዛፍ ማወቅ ይበቃል፤ «ሌላ ቦታ የለችም» ለማለት የዓለሙን ወፍ ሁሉ መዝገብ ያስፈልጋል። ከዘመዷ፣ ነጭ ጉንጭ ካለው ቱራኮ፣ ለይቶ ራሷን የቻለች ዝርያ ናት ማለትም የመዝጋቢው ሥራ ነው። ግማሹ ዕውቀት ጄኖዋ፣ ግማሹ አሬሮ ተቀምጦ ነበር። እንቆቅልሽ የሚባለው ነገር ብዙውን ጊዜ ዕውቀት ጠፍቶ ሳይሆን ትውውቅ ጠፍቶ ይመስለኛል።

ይህ አሳብ ከዚህች ወፍ ውጭም ይሠራ እንደሆነ ልፈትነው። ዓድዋ አጠገብ ያሉት የአባ ገሪማ ወንጌላት በዓለም ላይ ከተረፉት ባለ ሥዕል ወንጌሎች እጅግ ጥንታውያን ከሚባሉት ናቸው። መነኮሳቱ ከጥንት ጀምረው መጽሐፉ የአባ ገሪማ የራሳቸው ጽሕፈት ነው ይሉ ነበር። የውጭ ሊቃውንት ብዙ መቶ ዓመት ወደዚህ አምጥተው እ.ኤ.አ. ከ1000 ወዲህ ያለ ሥራ አደረጉት። ኋላ ብራናው በኦክስፎርድ በካርቦን ሲመረመር ከ330 እስከ 650 ባለው ዘመን ውስጥ ወደቀ። ምርመራው ጸሐፊው አባ ገሪማ ናቸው አላለም። ዘመኑን በተመለከተ ግን ከሊቃውንቱ ይልቅ መነኮሳቱ ለእውነት ቀርበው ተገኙ። ብራና የሆነው ፍየል መለያ ወረቀቱን በገዛ ቆዳው ይዞ ነበር፤ መነኮሳቱ ደግሞ በአፋቸው።

አሁን አሳቤን የሚቃወም ነገር ላምጣ። የቦረና ቀን መቁጠሪያ በከዋክብትና በጨረቃ የሚሄድ ነው። ዓመቱ 12 ወር፣ 354 ቀን ነው፤ ቀኖቹ 27 ስሞች አሏቸው፤ አያንቱ የሚባሉት ዐዋቂዎች ሰማዩን አይተው በቃላቸው ይቆጥሩታል። እ.ኤ.አ. በ1978 ሊንችና ሮቢንስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በኬንያ ቱርካና ሐይቅ አቅራቢያ ናሞራቱንጋ በተባለ ቦታ ያሉ 19 የድንጋይ ዓምዶች ለቦረና ቀን መቁጠሪያ ከዋክብት አቅጣጫ የተተከሉ ናቸው፣ ዕድሜያቸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ነው ብለው ጻፉ። ያማረ ነገር ነው፤ ስንቱ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ተቀባብሎታል! ኋላ ሌሎች ሄደው ሲለኩ ድንጋዮቹ ራሳቸው የማግኔት ጠባይ ያላቸው፣ የኮምፓሱን መርፌ የሚያስቱ ሆነው ተገኙ። በዚያ አካባቢ ያሉ የዓምድ ቦታዎች ዕድሜም ወደ 4,000 እና 5,000 ዓመት ተገፋ። የቱርካና ሰው ስለ ድንጋዮቹ ሲጠየቅ ሰዎች እየጨፈሩ ሳለ ድንጋይ ሆኑ የሚል ተረት ይነግርሃል።

እዚህ ቦታ ትውውቅ አልጠፋም፤ ተጠይቋል፣ ተለክቷል፣ ተሟግቷል። መልሱ ግን አልመጣም፤ ዓምዶቹን ከቦረና ጋር የሚያስተሳስር ጠንካራ ማስረጃ አላየሁም። ስለዚህ የአሬሮዋ ወፍ ሕግ ሁሉን አይገዛም። የሚያውቀው ሰው ሞቶ ያለቀበት እንቆቅልሽም አለ። እንዲህ ባለው ላይ አንባቢ የሚፈተነው በትዕግሥቱ ነው፦ ባዶውን ቦታ ባዶ አድርጎ መተው ይችላል ወይስ ደስ ያለውን ይሞላበታል? ደግሞስ የቦረና ቀን መቁጠሪያ የድንጋይ ምስክር ምን ያደርግለታል? በየሌሊቱ ሰማይ ላይ እየተፈተነ ነው የኖረው።

መለያ ወረቀት ኖሮ የሚጠረጠርበትም አለ። ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ የተባለው መጽሐፍ አንዱ ነው። መጽሐፉ ደራሲውን በአክሱም አገር የተወለደ የ17ኛው መቶ ዘመን ሰው ያደርገዋል። ጽሑፉን ወደ አውሮፓ የላከው ግን በ19ኛው መቶ ዘመን በጌምድር የኖረው የካፑቺን መነኩሴው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ጣልያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ «የጻፈው ራሱ ዳ ኡርቢኖ ነው» ብሎ ተነሣ፤ ምሁሩ ክላውድ ሰምነር ለዘርዐ ያዕቆብ ተሟገተ፤ ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። ወፏ ወረቀት አጣች፣ መጽሐፉ ወረቀቱን የሚያምነው አጣ። ጸሐፊው ማን ነው የሚለው ለታሪክ ትልቅ ነገር ነው፤ ለኢትዮጵያ የአሳብ ታሪክ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል፤ «ምን አገባን» ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው። ሆኖም መጽሐፉ ውስጥ ያለው ክርክር ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው በጸሐፊው ማንነት አይወሰንም። ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ የሚያቦካ ሰው ሁለቱንም አይጋግርም።

ግጥምን ለመጨረሻ ያቆየሁት ለዚህ ነው፤ ገጣሚው ሳይታወቅም ይቆማል። ሊበንና ዲሬ የቦረና ምድር ሁለት ክንፎች ናቸው። በዲሬ በኩል ዘጠኙ የቱላ ጉድጓዶች አሉ፤ አንዳንዱ እስከ 30 ሜትር ይጠልቃል። ውኃ ቀጂዎቹ ከታች እስከ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድረው ይቆማሉ። ባልዲው፣ ድሮ ኦኮሌ የሚባለው የቆዳ መቅጃ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተወረወረ ይወጣል፤ ባዶው ይወርዳል። ሥራውን የሚያስኬደው ዜማ ነው። ዜማው ሲሰናከል ባልዲውም ይሰናከላል። ከላይ ከብቶቹ ስማቸውና ሙገሳቸው ሲጠራ ጆሯቸውን ያቆማሉ። ይህ ግጥም ነው፤ ስንኙ የሚመታው በውኃ ነው። መጀመሪያ ማን እንደ ገጠመው የሚጠይቅ ብዙ ሰው የለም።

«የቃል ባሕል ስለሆነ ስም አይጠብቅም» የሚል ካለ ተሳስቷል። ያው ሕዝብ አባ ገዳዎቹን ከ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በየስምንት ዓመቱ በስም ይቆጥራል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሊውን፣ ማለትም ሥልጣኑን፣ የተረከቡት ኩራ ጃርሶ 71ኛው ናቸው። ስም መያዝ ይችልበታል። ክሩን የት ላይ ማሰር እንዳለበት የሚመርጠው ራሱ ነው፦ ለሥልጣንና ለዘመን ያስራል፣ ለዜማው ይተወዋል።

የቅኔ ትምህርት ቤት ሰውም ይህን ያውቃል። ወርቁ ከተገኘ በኋላ ሰሙ አይጣልም፤ እንዲያውም ወርቁን ያወቀ ሰው ነው ሰሙን ደግሞ ደጋግሞ የሚያጣጥመው። የወፏ እንቆቅልሽ አሬሮ ላይ ሲፈታ አለቀ። ቅኔው ግን ሲፈታ ይጀምራል። ስለዚህ ሦስቱ መጻሕፍት በአንድ ጎተራ የሚገቡ አይደሉም። እንቆቅልሹ ማንን እንዳልጠየቅን ያሳየናል፤ ግጥሙ ከመልስ በኋላም የሚቀር ነገር እንዳለ ያለማምደናል።

ሥዕሉስ? ሥዕል ፊደል የማያነብ ሰውና ፊደል ብቻ የሚያነብ ሰው በአንድ ገጽ ላይ ጣት የሚጠቁሙበት ነው። ጄኖዋና አሬሮ ሊተዋወቁ ይችሉ የነበረው በዚህ ነበር። የምወደውም ለዚህ መሰለኝ፤ ቅር የሚለኝም በዚሁ ነው። ስለ እኛ የተሠሩት የሚያማምሩ ጥራዞች ብዙዎቹ ውጭ የታተሙ፣ በውጭ ቋንቋ የተጻፉ፣ ዋጋቸው የማይቀመስ ናቸው። ሥዕሉ የአሬሮ፣ የሥዕሉ መግለጫ የእንግሊዝ ነው። ወፏ ስሟ ዛሬም የሩስፖሊ ነው፤ ቦረና ምን እንደሚላት ከሥዕሉ ሥር ተጽፎ አላየሁም።

በነጌሌ በኩል የምታልፉ ካላችሁ፣ ሥዕል ያለበት የወፍ መጽሐፍ ብታገኙ ይዛችሁ እለፉ። ሻይ ቤት ስትቀመጡ ገጹን ግለጡና አጠገባችሁ ላሉት አባት አሳዩአቸው። የሚነግሯችሁን ስም ኅዳጉ ላይ ጻፉት፤ የነገሯችሁን ቦታና ቀኑንም ጨምሩበት። እርሳስ አትርሱ።